ወይጦ ኬላ ላይ የተከፈተው ባልዲ

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ቆራርጬ ነግሬያቸው አውቃለሁ። ሙሉውን ግን ለማንም አላወራሁም። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ እኔም መሃሉ ላይ ስደርስ አቋርጠዋለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሳልጽፈው ብሞት ይቆጨኛል።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ፣ ያላገባሁ፣ ከሥራዬ ውጪ ብዙም ነገር የማላውቅ ሐኪም ነበርኩ። ውጭ አገር ተልኬ የተማርኩት የአንጎል በሽታዎችን ነው፤ በተለይም አንጎልን ዓመታት ወስደው ቀስ በቀስ የሚያመነምኑትን። አገሬ ስመለስ አለቃዬ "ሰዉ በወባ እያለቀ አንቺ መንቀጥቀጥ ታጠኛለሽ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። መኪና የለኝም፣ በጀት የለኝም። የነበረኝ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕና ጂንካ የሚኖሩ አንድ በሽተኛ ነበሩ።

እኒህ ሰው አቶ ጋልታ ይባላሉ፤ የአሪ ተወላጅ ናቸው። ጂንካ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው፣ ከአካባቢው መንደሮች፣ ከገዘርም ከካኮም ለሚመጣው ገበያተኛ ሱሪና ቀሚስ ሲሰፉ ኖረዋል። በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ጣቶቻቸው ሳያዟቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። ቆይቶ ትከሻቸው፣ አንገታቸው፣ እግራቸው በየፊናው ይወዛወዝ ጀመር። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ሲናገሩ ምላሳቸው ይተሳሰራል። እናታቸውም እንዲሁ ሆነው እንደሞቱ ነገሩኝ። ሐኪሞች ሀንቲንግተን የምንለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

አቶ ጋልታን ያንገበገባቸው ግን በሽታው አልነበረም። ጴንጤ ናቸው፤ አረቄ ባፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሰው ደግሞ የሚያየው መንገዳገዳቸውን ነው። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ሸሹ። የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌዎች መክረው መክረው በመጨረሻ ከኅብረት አገዷቸው። የበኩር ልጃቸው ኤልያስ ሳይቀር አባቱ ተደብቆ እንደሚጠጣ አምኖ፣ ተጣልቶ ከቤት ወጣ። እኔ ልጁን አይቼው አላውቅም። ጂንካ በተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ ስሙ የሚነሳው በሹክሹክታ ነበር።

አንድ ቀን ምርመራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ አቶ ጋልታ ቃላቱን እየገፉ፣

"ዶክተር፣ አንጎል ሲከፈት ይሄ በሽታ በዓይን ይታያል?" አሉኝ።

"ይታያል።"

"አረቄስ ይታያል?"

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። "የዚህ በሽታ ምልክት የራሱ ነው። ከመጠጥ ጋር አይምታታም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ስሞት ክፈቺኝ። ከፍተሽ ያየሽውን ለሰው ሁሉ ንገሪ።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ አጠገባችን ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ቀና ብለው ባላቸውን አዩና፣ "ገላው የሱ ነው። ከሰጠሽ ውሰጂ" አሉኝ።

በቀጣዩ ክረምት ለምርመራ ስሄድ አልጋ ላይ ወድቀው ደረስኩ። ምግብ መዋጥ አቁመዋል። እዚያው እያለሁ አረፉ። ከጤና ጣቢያው አንድ ድሬሰር የሚባል የሕክምና ረዳት አግዞኝ፣ ወይዘሮ ማርታ በር ላይ ቆመው እየጠበቁን፣ የተባልኩትን ፈጸምኩ። ጭንቅላታቸውን መልሼ በደንብ ሰፋሁት፤ የልብስ ሰፊ ሬሳ ነውና ስፌቱ እንዳያሳፍረኝ ተጠንቅቄ። ተገንዘው ተቀበሩ። አንጎላቸው እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን በተሞላ፣ ክዳን ባለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ፣ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ከእኔ ጋር ቀረ።

ጂንካ መሃል ያለው የአውሮፕላን ሜዳ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ አውሮፕላን አልወርድም አለ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፤ ዝናቡ አላባራም። በመጨረሻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተገኘ። ሹፌሩ ከበደ የሚባል፣ ጂንካን እንደ ቤቱ የሚያውቅ፣ አቶ ጋልታም ሱሪ የሰፉለት ደግ ሰው ነበር። ባልዲው ምን እንደያዘ ሳልደብቅ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ "እግርሽ ሥር አድርጊው። ላይ ከሰው ጋር አይጫንም" አለኝ።

ልንሳፈር ስንል ወይዘሮ ማርታ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

"ልጄ፣ ኤልያስ ወይጦ ኬላ ላይ ጠባቂ ሆኗል። አባትህ ታሟል ብለን ሰው ልከን ነበር፤ አልመጣም። ሞቱን አልሰማም። እግረ መንገድሽን መርዶውን ንገሪልኝ" አሉኝ።

"ስለዚህስ?" አልኩ ወደ ባልዲው እያየሁ።

"እሱን አንቺ እንዳየሽው።"

መንገዱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር። መርዶ እንደዋዛ አይነገርም። ከበደም ልጁን በመልክ ባያውቀውም በዚህ ተስማማ፤ ወይጦ አድረን፣ ልጁን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ፈልገን፣ ማለዳ አረጋግተን ልንነግረው ተመካከርን። ስለ ባልዲው ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ልቡ ሲረጋ። ከቁልቁለቱ ወርደን የሸለቆው ሙቀት ጋቢናውን ሲሞላው፣ የማወራውን ቃል በልቤ እየደረደርኩ ነበር።

ኬላው ላይ የደረስነው ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ ነው። ገመድ ተዘርግቷል። በዚያን ጊዜ ቡና ያለ ፈቃድ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ማሳለፍ ክልክል ስለነበር ፍተሻው ጥብቅ ነው። ጠባቂዎቹ ተሳፋሪውን አስወርደው ጆንያ በጆንያ ይወጋሉ። አንደኛው፣ ቀጠን ያለ ረጅም ወጣት፣ የጋቢናውን በር ከፈተ። የግራ እጁ የጠመንጃውን ማንገቻ ጨምድዶ ይዟል።

"ባልዲው የማነው?"

"የኔ ነው። ሐኪም ነኝ። የሕክምና ናሙና ነው፣ አይከፈትም" አልኩና የሥራ መታወቂያዬን ዘረጋሁለት። አላየውም።

"ከጂንካ ባልዲ ይዞ የሚወርድ ሁሉ ሐኪም ነው። ማር ነው ቡና?"

"ሁለቱም አይደለም። እባክህ አለቃህን ጥራልኝ።"

"እዚህ የማይከፈት ነገር የለም" ብሎ ባልዲውን ጎትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔ ከጋቢናው ዘልዬ ስወርድ ከወገቡ በመዘዘው ሳንጃ ጫፍ ክዳኑን ፈልቅቆታል። የፎርማሊኑ ሽታ ፊቱን መታው፤ ዓይኑ እያነባ፣ እያሳለ ወደ ኋላ አለ። ሰዉ "ምንድነው? ምንድነው?" እያለ ተጠጋ። ልጁ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና እልህ እንደያዘው ሰው ተመልሶ፣ ፋሻውን በሳንጃው ገለጥ አደረገ።

በግ ያላረደ ሰው እዚያ አልነበረም፤ አንጎል ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። መጠኑ ግን የበግ አይደለም።

"የምንድነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

መዋሸት እችል ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። "የሰው ነው" አልኩ።

አንዲት ነጋዴ ሴት ጮኸች። ከኋላዬ "ሰው አርዳ ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላው ተቀበለው። አንድ ሰው ነጠላዬን ጎተተው፣ አንድ ሌላ ክንዴን ጨበጠ። ሌሎቹ ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አነጣጠሩብኝ። የኬላው አዛዥ፣ ሸምገል ያለ አስር አለቃ፣ ሕዝቡን እየገፋ መጣና ባልዲው ውስጥ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"የማን ነው?"

"በሕይወት እያሉ ራሳቸው የፈቀዱ በሽተኛ ናቸው። በሕመም ነው የሞቱት።"

"ስም የላቸውም?"

"አላቸው። ለብቻህ ልንገርህ፣ አስር አለቃ። ወደ ጎን እንውጣ።"

"እዚሁ ተናገሪ። ሰዉም ይስማ።"

ዝም አልኩ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ኤልያስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ዝምታዬ ነገሩን አባሰው። ሰዉ ይገፋኝ ጀመር። ከበደ ይህን ሲያይ አላስቻለውም። እኔን ለማዳን ብሎ፣ ያንን ሁሉ ምክራችንን ረስቶ፣

"ተዋት፣ አትንኳት። የጂንካው ልብስ ሰፊ የአቶ ጋልታ ነው። ሚስቲቱ ፈቅደው ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ" ብሎ ተናገረ።

አስር አለቃው እኔን ማየቱን ተወ። ቀስ ብሎ ዞሮ ሳንጃውን ወደያዘው ወጣት ተመለከተ።

"ኤልያስ" አለው።

ሳንጃው ጫፍ ላይ የፋሻው እርጥበት ገና አልደረቀም።

ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ ለብዙ ቤተሰብ ክፉ ዜና ነግሬያለሁ። የዚያን ልጅ ፊት የመሰለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አላለቀሰም። ሳንጃውን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ።

"አባቴ ሞቷል?" አለ።

"አዎ" አልኩት። ስደረድረው ከዋልኩት ቃል ሁሉ የቀረኝ ይኸው ነበር።

ሌላኛው ጠባቂ "ይሄ እርግማን ነው፤ ደፍተን እንቅበረው" ብሎ ባልዲውን በእግሩ ሊገለብጥ ሲል ኤልያስ በደረቱ ገፍትሮ አራቀው። ሳንጃውን ሰገባው ውስጥ መልሶ፣ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን በቀኝ እጁ አስተካከለ። ባልዲውን በቀኝ ክንዱ አቅፎ አነሳና "ነይ" አለኝ።

ኬላው አጠገብ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ገባን። አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው። አስር አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰዉ እንዳይገባ ከለከለ።

"መቼ ነው?" አለ ኤልያስ።

"ሰሞኑን። አልተሰቃዩም፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነው የሄዱት። ከቤት ሰው ተልኮብህ ነበር።"

"ደርሶኛል። ታሟል ነው ያለኝ" አለ። "ጠጥቶ ወድቆ ይሆናል ብዬ ቀረሁ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አባቱ ያሉትን ሁሉ፣ "አረቄስ ይታያል?" ብለው የጠየቁኝን ሳይቀር፣ ምንም ሳልጨምር ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ።

"ታዲያ ከፍተሽ አየሽው?"

"ገና ነው። ፎርማሊኑ እስኪያጠነክረው ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚያ ነው የሚቆረጠው።"

"አሁን አሳዪኝ።"

"ኤልያስ፣ ውስጡ ገና ልል ነው። አሁን ከተቆረጠ ይበላሻል። አባትህ የሰጡኝ በደንብ እንዲጠና ነው።"

"አባቴ የሰጠሽ ከፍተሽ ለሰው እንድትነግሪ ነው። አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እኔ ሰው አይደለሁም? አዲስ አበባ ወስደሽ ያየሽውን ማን ይነግረኛል?"

በአገራችን እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው አንጎል ሌላ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። ለዚህ አንድ ነገር ስል ዓመታት ተመላልሻለሁ። አስር አለቃውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱን አዞረ። ቦርሳዬን ከፍቼ ጓንቴንና ረጅሙን ቢላ አወጣሁ። "አንዱን ወገን ብቻ" አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ።

የኤልያስን ትንፋሽ እየሰማሁ ነው የቆረጥኩት። ላዩ ጠንክሯል፤ ውስጡ ግን እንደፈራሁት ቢላው ላይ ይለጠፋል። መቁረጫው የሚያርፍበትን ሥፍራ ግን እጄ ያውቀዋል። ክፋዩን ወደ ብርሃኑ ሳዞረው ምርመራ መሆኑን ረስቼ ደነገጥኩ። በመጽሐፍ ካየሁት ሁሉ የባሰ ነበር።

"ይሄን ባዶ ቦታ ታየዋለህ? በጤነኛ ሰው ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ፣ እዚህ ጋ፣ ጎበጥ ብሎ የሚታይ ሥጋ ነበር። እጅና እግር ከታዘዘው ውጪ እንዳይሄድ የሚገታው እሱ ነው። የአባትህ አልቋል። ቦታው ጎድጉዶ ቀርቷል።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱን ከክፋዩ ጋር ሊያገናኘው ምንም አልቀረውም።

"አረቄ እንዲህ አያደርግም?"

"አያደርግም።"

"አልጠጣም ነበር ማለት ነው።"

"ጠጥተው አያውቁም።"

አሁን ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እስከዚያች ሰዓት ማንገቻውን ለቅቆ የማያውቀውን የግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከላስቲኩ ጎን፣ ዘርግቶ አስቀመጠው። ጣቶቹ ዝም አላሉም። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይተኛል፤ ማንም የማይሰማው ክራር የሚመታ ይመስላል።

"እኔም አልጠጣም" አለኝ። "በሱ ምክንያት፣ ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ግን ሰክረህ ጥበቃ ቆመሃል ተብዬ ታስሬያለሁ።"

"እኔ ነኝ ያሰርኩት" አለ አስር አለቃው ከበሩ ላይ፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ።

አንጎል አጠናለሁ የምል ሰው፣ ከጋቢናው ጀምሮ አጠገቤ የቆመውን ሰው እጅ አላየሁም። በድንጋጤ ውስጥ እያለሁ አፌ እንደ ልማዱ "ምላስህን አውጣና ሳታስገባ ቆይ" አለው። አወጣው። እንደወጣ ሊያቆየው አልቻለም፤ የበሽታው ምልክት ነው፣ እየሾለከ ተመለሰ። ደግመህ ሞክር አላልኩትም። ዓይኔን አይቶ መልሱን አግኝቶታል።

"በዘር ነው" አለ።

"ግማሽ ዕድል ነው ከወላጅ ወደ ልጅ። ሁሉም ልጅ አይወርሰውም።"

"እህቶቼስ?"

"አላውቅም። ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።"

ውጪ ሰዉ አሁንም ይንጫጫል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። በመጨረሻ፣ "እናቴ የኔን ታውቃለች?" አለኝ።

"አታውቅም።"

"አትንገሪያት። እኔ እነግራታለሁ።"

ክፋዩን ወደ ቦታው መለስኩ። ፋሻውን እሱ አለበሰው፤ ክዳኑን እሱ ገጠመው፤ ባልዲውን እሱ ተሸክሞ ጋቢናው ውስጥ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ክዳኑ ላይ እጁን ትንሽ አቆየ። አስር አለቃው ለተሰበሰበው ሰው፣ "ሐኪም ናት። ሟች ራሳቸው የሰጡት ነው። የኤልያስ አባት ናቸው፤ በሉ ልጁን አጽናኑ" ሲል፣ ቅድም ክንዴን የጨበጠው ሰውዬ ቀድሞ ሄዶ አቀፈው። ኤልያስ ያለቀሰው ያኔ ነው። ከበደ መሪውን ደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። "ምነው ምላሴ በተቆረጠ" ይላል። እንዳልተሳሳተ ብነግረውም አልሰማኝም።

ኤልያስ ፈቃድ ተሰጥቶት በሌላ መኪና ጂንካ ወጣ። የሆነውን በኋላ ወይዘሮ ማርታ ነገሩኝ። ለቅሶ ቤት በገባ በማግሥቱ አባቱን ከኅብረት ያገዱት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደ። ያኔ ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ ምእመናኑ በየቤቱ ነበር የሚሰበሰቡት። "አባቴ በሽተኛ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔም ይዞኛል፤ ዛሬ አይታችሁኝ ነገ ሰከረ እንዳትሉኝ" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ወይዘሮ ማርታ ቤት መጡ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸው ግን "እኔን አይደለም። መቃብሩ ያውና" አሏቸው፤ ሄደው እዚያ ጸለዩ።

አለቃዬ የተቆረጠውን አይቶ "አበላሸሽው" አለኝ፤ ብዙ ቀን አኮረፈኝ። ግማሹ ግን ደህና ነበር፤ ጥናቱንም ሠርቼበታለሁ። ሰው የሚያስታውስልኝ ሥራ ቢኖር እሱ ነው። እኔ ግን ማይክሮስኮፑን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ የየትኛውንም በሽተኛ ቤተሰብ "ያልሰማ ማን አለ?" ሳልል፣ ያልሰማውንም ፈልጌ ሳላገኝ ምንም ነገር ወስጄ አላውቅም። በዚህ ምክንያት ያጣሁት ናሙና ብዙ ነው። አልቆጨኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መንገድ ዳር የሚንገዳገድ ሰው ስታዩ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። አትበሉ ብዬ ልመክራችሁ አይደለም። ኤልያስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁና ላብቃ።

መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ለምርመራ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በሽታው ገፍቶበታል። ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። ሊሳፈር ሲል የአውቶቡሱ ረዳት በክንዱ በሩን ዘጋበትና፣ "የሰከረ አንጭንም" አለ። መታወቂያዬን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ኤልያስ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

"ይተዉት ዶክተር፣ እኔ እነግረዋለሁ።" ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ፣ ቃላቱን እንደ አባቱ አንድ በአንድ እየገፋ፣ "አልሰከርኩም፣ ወንድሜ። አባቴም አልሰከረም ነበር። የአንጎል በሽታ ነው። ቀርበህ አፌን አሽትት" አለው።

ረዳቱ አላሸተተም። እጁን ከበሩ አነሳ። ከመስኮቱ ጎን የተቀመጡ አንድ እናት ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ና የኔ ልጅ፣ እዚህ ተቀመጥ" ብለው በእጅጌው ሳቡት። አውቶቡሱ ሲወጣ አንገቱ እየተወዛወዘ ለሴትዮዋ አንድ ነገር ሲያስረዳቸው፣ እሳቸውም እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲሰሙት አየሁ።